ዜና አንባቢው ከጋን ይውጣ!

ባለፈው የዐቢይ ጾም ዘመሮ፣ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። አጎቴ አንድ ሰብዉፈርና ሁለት ትንንሽ ስፒከር ያለው ቴፕ ከአዲስ አበባ ገዝቶ መጥቷል። ሰብዉፈሩን ጥግ ውስጥ ወሽቆ፣ ስፒከሮቹን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሎ፣ ቤዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ማታ የሬዲዮ ዜና ሲጀምር አያቴ መደቡ ላይ ሆነው ጆሯቸውን አቁመው ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ጋን ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚያወራው?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ከነከነኝ፤ አያቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የአገሩን ወሬ የሚያውቁት በሬዲዮ ብቻ ነው።

እንደኔ እንደኔ ሰብዉፈር ጥሩ ሠራ የሚባለው መኖሩ ሲረሳ ነው። ድምፁ በሙሉ ከሁለቱ ስፒከሮች የሚወጣ መምሰል አለበት። እኛ ጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሻጩም ገዢውም የሚለኩት በመስኮቱ መንቀጥቀጥ ነው። ሠርግ ላይ ይሁን፣ ማን ይከለክላል! አራት ሜትር በሦስት የሆነ ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም የ40 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ነው። ይህ ሞገድ አጎቴ ቤት ውስጥ ተዘርግቶ አያልቅም፤ ከድንጋዩ ግድግዳ እየተላተመ ይመለስና ከራሱ ጋር ይገናኛል። አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ለይቶ ያጎላል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ እንግዲህ ዘፋኙ ሳይሆን ቤቱ ራሱ መዝፈን ይጀምራል። ጥግ ሲሆን ይብሳል፤ ሁለት ግድግዳና ወለል ተባብረው ያባዙታል።

አጎቴ መላ አላጣም፤ «ግድግዳውን አለብሰዋለሁ» ብሎ የመንዝ ባና ሰቀለ። ባና ብርድን እንጂ ቤዝን አይከላከልም። የበግ ጠጉር የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የ50 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ እንኳ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ የጣት ውፍረት ያለው ባና ምን ያደርገዋል?

ይሄ በደንብ የገባኝ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገና ሲከፈት ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ ያ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ከአውታሩ ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራዋ ነው። ወፍራሙን ሰብዉፈሩ፣ ንዝረቱን ስፒከሮቹ ተካፍለው ካላደረሱት በገናው በገና አይሆንም። ባናው ንዝረቱን ውጦት፣ ጥጉ ወፍራሙን አባዝቶት፣ የተረፈው ዱም ዱም ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከበሮ በማይመታበት ጾም አጎቴ ቤት በገናው ከበሮ ሆነ።

በማግስቱ አጎቴን ለምኜ ሥራ ጀመርን። ባናው ወረደ። ሰብዉፈሩን አያቴ የሚቀመጡበት መደብ ላይ አድርገን ያንኑ በገና ከፈትንና እኔ ጆሮዬን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ፣ አጎንብሼ ክፍሉን ዞርኩት። (ጎረቤት ገብቶ ቢያየኝ ምን ይል ነበር!) ቤዙ ሳይጎላ ሳይጠፋ እኩል የተሰማኝ ቦታ ላይ ሰብዉፈሩን አኖርነው፤ ድምፅ መሄጃውም መምጫውም አንድ ስለሆነ እዚያ የሆነው እዚህም ይሆናል። ስፒከሮቹንም አውርደን በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ አደረግናቸው።

ከኋላው ያለው መዞሪያ ሌላው ጉድ ነው። ክሮስኦቨር ይባላል፤ ከየትኛው ድምፅ በታች ያለውን ሰብዉፈሩ እንደሚወስድ የሚወስነው እሱ ነው። አጎቴ 200 ላይ አድርጎታል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ የዜና አንባቢው ግማሽ አካል ጥግ ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ አያቴ ጋን ማለታቸው ልክ ነበር። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በደንብ አይለይም፤ ትላልቅ ስፒከር ያላቸው ሰዎች 80 ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። የእኛዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ እዚያ ድረስ አይወርዱም፣ 120 ላይ ተስማማን። ፌዝ የሚለውን ማብሪያ ወዲህና ወዲያ አድርገን በአያቴ መቀመጫ ላይ ቤዙ ሞላ ያለበትን መረጥን። ከዚያ የቤዙን ቮሊዩም ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ። ብዙዎቹ ርካሽ ቴፖች መዞሪያውም ማብሪያውም የላቸውም፤ ለእነሱ ቦታና ቮሊዩም ብቻ ነው የሚቀረው።

መቼም ስለ ዘመሮ ብቻ እንዳወራ አይቆጠርብኝ። የእኛው ግቢ ሚኒ ሚዲያስ? ለአንዲት ቃል ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን፤ ያቺ ቃል በምን ዓይነት ሳጥን እንደምትወጣ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ማታ ዜና ሲጀምር አያቴ ትንሽ አዳመጡና «ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚያነበው?» አሉ። ያው ሰውዬ ነበር። አጎቴ ቤዙ ጠፋብኝ ብሎ ቅር እንዳለው ተለያየን። ሰሞኑን ስደውልለት፣ ሰብዉፈሩ የረከቦቱን ቦታ ስለያዘ ወደ ጥጉ መመለሱን ነገረኝ። መዞሪያውን ግን አልነካሁትም ብሏል።