መምህር ሁሉ የሥጋ አባት መሆን አለበትን?

ሰው ስለ ሌላው ሰው ማንነት ሲመረምር ከሁለት ጥያቄዎች በአንዱ ይጀምራል። አንደኛው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «የማን ደቀ መዝሙር ነው?» የሚለው ነው። የፊተኛው ጥያቄ ሰው ሳይደክም በልደት ያገኘውን ይመለከታል፤ የኋለኛው ግን ቁራሽ ለምኖ፥ በጎጆ አድሮ፥ በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ያተረፈውን ይመለከታል። በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ክብሩ በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ላይ የተመሠረተ እንደ ነበረ ክቡራን አንባብያን አይዘነጉትም። ይሁን እንጂ ዛሬ የፊተኛው ጥያቄ የኋለኛውን እየዋጠው ሄዷል። በኑሯችን ብቻ ሳይወሰን በልብ ወለድ ታሪክና በሲኒማ ውስጥ እንኳ ገብቶ፥ መምህር ሆኖ የተፈጠረን ሰው «በስውር የወለድህ አባት ካልሆንህ በጎነትህን አናምንም» እስከ ማለት ደርሷል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ልማድ ልንቃወም ተነሥተናል።

ለምሳሌ የምናነሣው በብዙ አገር የታወቀውን የኦቢ ዋን ኬኖቢን ነገር ነው። ኬኖቢ አሜሪካዊው የፊልም ደራሲ ጆርጅ ሉካስ «የከዋክብት ጦርነት» በተባለው ሥራው ውስጥ የፈጠረው አረጋዊ መምህር ሲሆን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን። ታሪኩን ላላዩት ባጭሩ እንገልጻለን። ኬኖቢ ጄዳይ ከሚባሉት፥ የብርሃን ሰይፍ ከሚይዙትና እንደ መነኮሳት በማኅበር ከሚኖሩት ጦረኞች አንዱ ነው። ደቀ መዝሙሩ አናኪን ከድቶት የግፈኛው ንጉሠ ነገሥት አገልጋይ ይሆናል፤ ማኅበሩም ይፈርሳል። የአናኪን ልጅ ሕፃኑ ሉክ በአንድ የበረሃ ዓለም ለሚኖሩት ለአጎቱ ለኦወንና ለሚስቱ ለቤሩ በአደራ ይሰጣል። ኬኖቢም በዚያው በረሃ ተጠግቶ፥ ስሙን ለውጦ፥ ሕፃኑን ከሩቅ እየጠበቀ 19 ዓመት ያህል ይኖራል። ጊዜው ሲደርስ ልጁን ማስተማር ይጀምራል፤ በመጨረሻም ልጁ ያመልጥ ዘንድ ራሱን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል።

ታሪኩ ይህ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አድናቂዎች በዚህ አልረኩም። «ይህ ሰው ለሌላ ሰው ልጅ ይህን ያህል የደከመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሚስት ነበረችው፤ ልጅም ነበረው፤ ምናልባትም የልጅ ልጅ አለችው» እያሉ የዘር ሐረግ መቍጠር ጀመሩ። ለግምታቸውም መነሻ አላጡም። በ1983 ዓ.ም. ከሦስተኛው ፊልም ጋር የወጣው መጽሐፍ ኦወን የኬኖቢ ወንድም ነው ብሎ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የቀረበው ፊልም ግን ኦወንን የአናኪን እንጀራ ወንድም አድርጎ ያን ሻረው። በ2010 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በታየው የካርቱን ፊልም ውስጥ ሳቲን የምትባል የአንድ ሕዝብ ገዢ ገባች፤ ኬኖቢም በወጣትነቱ ይወዳት እንደ ነበረና እርሷ ቃል ብታወጣ ኖሮ ማኅበሩን ትቶላት ይሄድ እንደ ነበረ ተናገረ። በዚያው ዓመት ሳቲን አክስቱ የሆነች ኮርኪ የሚባል ወጣት ታየ። የጠጉሩ ቀለም የኬኖቢን ይመስላል ተባለና «አክስቱ የሚሏት ለሽፋን ነው፤ እናቱ እርሷ ናት፤ አባቱም ኬኖቢ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሬይ የምትባል፥ ወላጆቿ ያልታወቁ ልጃገረድ በአዲሱ ፊልም በቀረበች ጊዜ፥ የኬኖቢ የልጅ ልጅ ናት የሚለው ግምት ከታወቁት ግምቶች አንዱ ሆነ። በ2022 ዓ.ም. በኬኖቢ ስም በተሠራው ተከታታይ ፊልም እርሱ ራሱ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ እንደ ተወሰደና ወንድም የነበረው እንደሚመስለው ሲናገር፥ የዘር ቈጣሪዎቹ ብዕር እንደገና ተሳለ።

የመጀመሪያው መቃወሚያችን ከራሱ ከታሪኩ የተወሰደ ነው። የጄዳይ ሕግ ጋብቻን ይከለክላል። ይህን ሕግ ጥሶ በስውር ያገባና በስውር የወለደ ሰው በታሪኩ ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ እርሱም አናኪን ነው። አናኪን ሚስቱን በሞት እንዳያጣ ብሎ መምህሩን፥ ወንድሞቹንና ሕዝቡን ከዳ፤ ከክሕደቱም በኋላ ሚስቱን አላተረፋትም። ደራሲው ኬኖቢን ከዚህ ሰው ጐን ያቆመው ያለ ነገር አይደለም። ለአንደኛው ፍቅር ማለት የራሱ የሆነውን የሙጥኝ ብሎ መያዝ ነው፤ ለሁለተኛው ፍቅር ማለት የራሱ ያልሆነውን በታማኝነት መጠበቅ ነው። እንግዲህ ኬኖቢም ስውር ሚስትና ስውር ልጅ ነበሩት ከተባለ፥ መምህሩና ከዳተኛው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የሚለዩትም አንዱ ሲጋለጥ ሌላው ሳይጋለጥ በመቅረቱ ብቻ ይሆናል። የሳቲን ታሪክም ቢሆን ለግምተኞቹ አይመሰክርላቸውም። ኬኖቢ ወደዳት፤ መውደዱንም አልካደም፤ ሆኖም ለገባው ቃል ሲል ተለያት። የዚህ መለየት ክብደት የሚታወቀው በእውነት የተለያት እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያችን ከዚህ የከበደ ነው። ግምተኞቹ ለአረጋዊው ልጅ ሲሰጡት የደግነት ሥራ የሠሩለት ይመስላቸዋል፤ ብቸኝነቱ አሳዝኗቸው ቤተሰብ ያበጁለታል። ነገር ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ቢያስቡት ምን እንዳደረጉበት በተገነዘቡ ነበር። ኬኖቢ ልጅ ካለው ያ ልጅ የት ነው? መምህሩ በበረሃ ተቀምጦ የአናኪንን ልጅ 19 ዓመት ሲጠብቅ የራሱን ልጅ ማን ጠበቀለት? ማን አበላው? ማን አስተማረው? ወይስ አባቱ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ አደገ? ይህ ከሆነ ኬኖቢ የሰው አደራ የጠበቀ መምህር መሆኑ ቀርቶ፥ የራሱን ጥሎ የሌላውን ያነሣ አባት ይሆናል። ቤተሰብ ሰጠነው ብለው በደል ሰጡት፤ ብቸኝነቱን እናርቅለት ብለው ታማኝነቱን ወሰዱበት።

ሦስተኛው ነገር የሬይ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የቀረበው ፊልም ወላጆቿ ስማቸው የማይነሣ ተራ ሰዎች መሆናቸውን ተናገረ። ይህ መልስ አንዳንዱን ተመልካች ደስ አሰኘው፤ ሌላውን ግን አስቈጣው። በ2019 ዓ.ም. የመጣው ፊልም ያን መልስ ለውጦ የንጉሠ ነገሥቱ የፓልፓቲን የልጅ ልጅ አደረጋት። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ የሬይን ክፍል የሠራችው ተዋናይት በመጀመሪያ ላይ ልጅቱን ከኬኖቢ ዘር ጋር የማያያዝ ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበረ ተናገረች። እኛ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ከማይታወቅ ቤት የተወለደች፥ የወዳደቀ ብረት ለቅማ ያደገች ልጅ ደፋርና ብልህ ልትሆን አትችልምን? ለምንስ ነው ችሎታዋ ሲታይ ሁሉም አያቷን ፍለጋ የሚሮጠው? በዓለሙ ሁሉ ያለውን ልጅ «የማን ዘር ነህ?» እያለ የሚያጣራ ታሪክ፥ የትምህርትን በር ከፍቶ ሲያበቃ በደጁ ላይ ዘበኛ የሚያቆም ታሪክ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን ሦስት ነገር ይመልሱልናል። አንደኛ፥ «ደራሲ ዝም ያለበት ቦታ የአንባቢው ርስት ነው» ይላሉ። እኛም የአንባቢን ነጻነት አንነፍግም። በ1911 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሮናልድ ኖክስ ስለ ሸርሎክ ሆልምስ፥ በሕይወት እንደ ነበረ ሰው፥ የቀልድ ጥናት ጽፎ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች የዶክተር ዋትሰንን ሚስቶች ሲቈጥሩ ኖረዋል። ጨዋታ መሆኑ እስከ ታወቀ ድረስ ይህ አይጐዳም። ነገር ግን ጨዋታው ማስረጃ መባል ሲጀምር ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህም ነው ሌላው እንግሊዛዊ ሐያሲ ኤል. ሲ. ናይትስ በ1933 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ «እመቤት ማክቤዝ ስንት ልጆች ነበሯት?» የሚለውን ጥያቄ ለመዘበቻ በርእስነት ያኖረው። ትያትሩ የተሠራው በተነገረው ነው፤ ያልተነገረውን ስንቈጥር የተነገረው ያመልጠናል።

ሁለተኛ፥ «ምልክቱን የሰጡን ራሳቸው ደራሲዎቹ ናቸው፤ ጭስ ያለ እሳት አይወጣም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ምልክት ተሰጥቷል። ነገር ግን ከላይ እንደ ገለጽነው አንዱ ምልክት ሌላውን ሽሮታል። ወንድም የነበረው ይመስለዋል ማለትም ሚስትና ልጅ አሉት ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚያሳየው ሰውዬው የሥጋ ቤተሰቡን በሕፃንነቱ አጥቶ በመምህራን እጅ ማደጉን፥ ኋላም የተቀበለውን ለሌላ ማስተላለፉን ነው። ሦስተኛ፥ «ሰውዬው በእውን የሌለ ፍጡር ነው፤ ማን ተጐዳ?» ይላሉ። የተጐዳው አሳቡ ነው። ሰው ደጋግሞ በተረት የተለማመደውን አስተያየት በኑሮም ይዞ ይመጣል።

መምህርን ያለ ቤተሰብ መሣል የዘመን ፈሊጥም አይደለም። አውሮፓውያን መካሪና አሳዳጊ መምህርን የሚጠሩበት «ሜንቶር» የሚለው ቃል የመጣው ከሆሜር «ኦዲሴይ» ነው። ሜንቶር ኦዲስዮስ ወደ ጦርነት ሲሄድ ቤቱን አደራ የሰጠው ወዳጅ ነው፤ የጥበብ አምላክ የምትባለው አቴናም የኦዲስዮስን ልጅ ቴሌማኮስን ለመምከር በፈለገች ጊዜ የሜንቶርን መልክ ትይዛለች። ሆሜር የሜንቶርን አባት ስም ይጠቅሳል እንጂ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ አያወራም። ስሙ ግን የመምህር ሁሉ ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ ለዚህም ያበቃው የሌላውን ልጅ መምከሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ኬኖቢን በመጀመሪያ የተጫወተው የሰር አሌክ ጊነስ ሕይወት ነው። ጊነስ በ1914 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ፤ በልደቱ ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ይህ ሰው አባቱን በስም ሳይጠራ አድጎ፥ ትያትርን ከመምህራንና ከባልደረቦች ተምሮ፥ በ1957 ዓ.ም. በቀረበው የክዋይ ወንዝ ድልድይ ፊልም የኦስካርን ሽልማት አገኘ፤ በኬኖቢነቱም ለዚሁ ሽልማት ታጭቶ ነበር። በ2000 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ የተከበረው በሥራው ነው። ያ ባዶ ቦታ ከጥበቡ አንዲት ነገር አላጐደለበትም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን መምህርን «የኔታ» ማለት «የኔ ጌታ» ማለት ነው፤ ይህን ስም የሚጠራው ልጅ በሥጋ የማይዛመደው ነው። የጡት ልጅና ማደጎ የሚባሉት ልማዶቻችንም አባትነት በደም ብቻ እንደማይገኝ ይመሰክራሉ። ሆኖም ዛሬ አንድ መምህር ለድሀ ተማሪው ደብተር ቢገዛለት ወይም በቤቱ ቢያስጠጋው፥ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» የሚለው ጥቂት ነው፤ «ልጁ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የሚያሾከሹከው ይበዛል። ይህ ሐሜት መምህሩን ያስፍራል፤ ተማሪውን ያሳፍራል፤ ነገ ሊረዳ ያሰበውንም እጁን እንዲሰበስብ ያደርገዋል። በመሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። አንድ ወጣት በትጋቱ ከፍ ሲል «ማን አስተማረው? ምን ሠራ?» ከመባሉ በፊት «የማን ዘመድ ነው?» ይባላል። እንዲህ የሚለው ሰው አድልዎን የሚቃወም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያለ ዘመድ የሚገኝ ማዕረግ የለም የሚለውን እምነት በወጣቱ ልብ ውስጥ የሚተክለው እርሱ ነው። ወጣቱም ይህን ካመነ በኋላ ከመጽሐፍ ይልቅ ዘመድ መፈለግ ይጀምራል።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራን፥ ተማሪዎቻችሁ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን አይተው ሲመጡ ዝም አታሰኟቸው፤ ጥያቄያቸውን ግን አቅኑላቸው። «ይህ ሽማግሌ በስውር ማንን ወለደ?» ሲሉ «ያልወለደውን ለምን ጠበቀ?» ብላችሁ መልሱላቸው። በመሥሪያ ቤት ያለን የመንግሥት ሠራተኞችም በእጃችን ያለፈውን ወጣት በዘሩ ሳይሆን በትምህርቱና በሥራው እንመዝነው። ኬኖቢ በበረሃ የጠበቀው የሌላ ሰው፥ ይልቁንም የበደለው ሰው ልጅ ነበር። የመምህርነት ማዕረግ ከዚህ በላይ የለም፤ በአባትነት ስም ልናሳንሰውም አይገባም።