ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ወይ?



ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውንም በገንዘብ ይደግፋል። ይኸ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለሟች ይህን ያህል የምንተጋ ሰዎች፣ ጎረቤታችን በቁሙ ሳለ ለጤናው ምን እናደርጋለን? ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ደም ግፊት በኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን፣ መከላከያውም ከዕድራችን ደጅ የራቀ አይደለም ብለን እናምናለን።

ደም ግፊት ሲባል ብዙዎቻችን የምንፈራው ድንገት መውደቅን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ኩላሊትን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ሰው ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አሉ፤ የተሠሩትም በጣም ቀጫጭን ከሆኑ የደም ሥሮች ነው። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ወደ ኩላሊት ደም የሚያደርሱት ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መተላለፊያቸው ይጠባል፣ ማጣሪያውም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ የሆነው ተመልሶ አይድንም። ይባስ ብሎም የተጎዳው ኩላሊት በተራው ግፊቱን ያንረዋል።

ክፋቱ፣ ይኸ ሁሉ ሲሆን አለማመሙ ነው። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ራሴንም አያመኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ኪኒኑን ለሁለት ወር ውጦ «ተሽሎኛል» ብሎ የሚተወውም፣ ሽፈራው ይበቃኛል የሚለውም ብዙ ነው። እግር ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ መሽቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የኩላሊት እጥበት ነው፤ ይኸውም በተለምዶ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑም 4 ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር መዋል ነው። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ኩላሊቱን የሚለግስ ዘመድ ማግኘት ያሻል። በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ለኩላሊት ሕመምተኛ እርዳታ ሲለመን ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ?

ታዲያ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ከፍተኛ ነው፤ ወደ ሐኪም ያስኬዳል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም የሽንትና የደም ምርመራ አድርጎ ኩላሊቱን ይፈትሽ። ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ ይኸም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ቀድሞ የገባው ጨው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። ወገቤን አመመኝ ብሎ በየጊዜው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እየገዙ መዋጥም ኩላሊትን ይጎዳልና ይታሰብበት።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይኸ ነው፦ ዕድራችን የደም ግፊት መለኪያ ይግዛ፤ በየወሩ መዋጮ ስንከፍል ክንዳችንንም እንስጥ። በሰፈራችን ነርሶችና ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች ስላሉ እንጠይቃቸው፤ እምቢ አይሉም። የሚለካው ሰው አስቀድሞ 5 ደቂቃ አረፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ውጤቱም ለባለቤቱ ብቻ ይነገር እንጂ የቡና ወሬ አይሁን።

«የዕድሩ ደንብ ይኸን አይልም» የሚሉ አባላት እንደሚኖሩ እናውቃለን። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ጠቅላላ ጉባኤው ሊያሻሽለው ይችላል። «ገንዘቡስ?» ለሚሉን ደግሞ፣ የአንድ መለኪያ ዋጋ ከአንድ ድንኳን ዋጋ ጋር ይነጻጸር እንላለን። ደግሞስ በሕይወት ያለ አባል መዋጮ ይከፍላል፤ የሞተ አባል ግን ያስወጣል እንጂ አያስገባም!

ስለዚህ ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ እንዲሁም በቤተሰቡ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት ነዋሪ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ እንዲለካ አደራ እንላለን።