እናትን ስለ መክሰስ

ሰው ምክንያቱን የማያውቀው መከራ ሲደርስበት ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። ወይ ይጠይቃል፣ ወይ ይከሳል። መጠየቅ ድካም አለው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መልሱም ጠያቂው በሕይወት ሳለ ላይገኝ ይችላል። መክሰስ ግን ቀላል ነው፤ ጣት መዘርጋት ብቻ ይበቃዋል። ጣቱም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ለመመለስ አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው የታመመ ሕፃን በተወለደ ቁጥር እናቲቱን ከሚከሰው ልማዳችን ጋር ነው።

ነገሩን የገሳይም የደብረ ታቦርም ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ደኅና ነው፤ ይጠባል፣ ይስቃል፣ አንገቱን ያቀናል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ያንዘፈዝፈው ይጀምራል፤ ለምዶት የነበረውን መቀመጥ ይረሳል፤ ዓይኑ እናቱን መከተል ይተዋል። ያን ጊዜ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ ቡዳ በልቶት ነው ይላል፤ ሁለተኛው እናቲቱ እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ያገኛት ልክፍት ነው ይላል፤ ሦስተኛው የአያት እርግማን ነው ይላል። ሁለተኛ ልጅ ተወልዶ እንደ ፊተኛው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ክርክሩ ያልቅና ፍርዱ ይሰጣል፤ «ማኅፀንዋ ክፉ ነው» ይባላል። ባልየውም በዘመዶቹ ምክር ይፈታትና ሌላ ያገባል። ከሌላይቱ ጤነኛ ልጅ ሲወልድ «አላልንም?» ተብሎ ክሱ ይጸናል።

የዚህን ፍርድ ስሕተት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጉና ግርጌ የሚዘራው አተር ይበቃል። ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ብርኖ በምትባል ከተማ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተርን ከአተር እያዳቀለ ብዙ ዓመት ቆጠረ። ያገኘውንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1866 አሳተመ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ቢጫ ፍሬ ያለውን ከአረንጓዴው ጋር ሲያዳቅለው የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ አረንጓዴው የጠፋ መሰለ። ዳሩ ግን እነዚያ ቢጫዎች በተራቸው ባፈሩ ጊዜ ከ4 አንዱ ያህል አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ። ተሸሽጎ ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር።

የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ሰውነታችን የሚሠራበትን ትእዛዝ በሁለት ቅጂ ይዘን እንወለዳለን፤ አንዱን ከአባት፣ ሁለተኛውን ከእናት። ይህ ትእዛዝ ዘረመል ይባላል። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ደኅናው ስለሚሠራ ሰውየው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ መበላሸቱንም አያውቅም። ሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት ብልሹ ቅጂ ተሸክመው ከተገናኙ ግን፣ በየእርግዝናው ሕፃኑ ሁለቱንም ብልሹ ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ያን ጊዜ ሰውነቱ ምግብን ከሚለውጥባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይጎድለዋል፤ ሊለወጥ የሚገባውም ነገር ተጠራቅሞ አንጎሉን ይጎዳል። እንዲህ ካሉት በሽታዎች በብዙዎቹ ሕፃኑ ጤነኛ ሆኖ የሚወለደው፣ በማኅፀን ሳለ የእናቱ ሰውነት ያን ክፉ ነገር ስለሚያጠራለት ነው። መከራው የሚጀምረው ከእርስዋ ከተለየ በኋላ ነው።

እንግዲህ ፍረድ። ክፉ የተባለው ያ ማኅፀን ሕፃኑን ዘጠኝ ወር የጠበቀው ነው። ከብልሹው ቅጂ ግማሹ የመጣው ከአባትየው ነው። ሌላ አግብቶ ጤነኛ ልጅ መውለዱ ንጹሕነቱን አያስረዳም፤ አዲሲቱ ሚስት ያንኑ ቅጂ አለመሸከምዋን ብቻ ይገልጣል። የተፈታችውም ሴት ሌላ ብታገባ ጤነኛ ልጅ በወለደች ነበር። እርግጥ ነው፣ በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ወላጆቹ ሳይኖርባቸው በልጁ አዲስ የሚነሣም አለ፤ በምጥ ጊዜ ከመታፈንና ከማጅራት ገትር የሚመጣም አለ። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱንስ እንኳ መርጣ ያመጣችው እናት ማን ናት?

«እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ነን፤ ይህ አይነካንም» የሚል ይኖራል። አባቶቻችን ሰባት ቤት መቁጠራቸው ትልቅ ጥበብ ነው፤ ዘመዳሞች ከአንድ አያት የወረሱት ብልሹ ቅጂ እንዳይገናኝ ይረዳልና። ዳሩ ግን ቆጠራው ዕድሉን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከስምንተኛው ቤት በላይ ያለውን አያት እኛ አንቆጥረውም፤ ቅጂው ግን ሳይቆጠር ይወርዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ ለጋብቻ ዘር ሲጠየቅ አጥብቆ የሚመረመረው በቤቱ የሥጋ ደዌ መኖሩ ነበር። በዘር ይወርዳል ተብሎ ስንቱ ቤት ተገለለ! የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን ግን በ1873 የሥጋ ደዌን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን አገኘ፤ ዛሬም በሽታው በመድኃኒት ይድናል። በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነው። እንግዲህ ሥራችንን ተመልከት። የዘር ያልሆነውን የዘር ብለን ጎረቤት አገለልን፤ የዘር የሆነውን እርግማን ብለን እናት ከሰስን። በሁለቱም ጊዜ ሳንጠይቅ ፈረድን።

ዘር ነው ማለትም የማይለወጥ ዕጣ ነው ማለት አይደለም። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት የአገራችን ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ መርምረው፣ አንዳንዱን ሰው ለዚህ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው ዘረመል እንዳለ በ2012 አሳተሙ። መከላከያው ግን ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ዘሩን ለመለወጥ ያልቻለ ሰው ጫማ ለማድረግ ይችላል።

«ይህ ብርቅ በሽታ ነው፤ ደሀ አገር ስለ ጥቂቶች ሊጨነቅ አይችልም» የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ አንዲት የኖርዌይ እናት ያደረገችውን እነግራቸዋለሁ። ሁለቱም ልጆችዋ አእምሮአቸው ሳያድግ ቀረ፤ ሽንታቸውም እንግዳ ሽታ ነበረው። ከሐኪም ወደ ሐኪም ብትሄድ የሚመልስላት አጣች፤ እርስዋ ግን መጠየቅዋን አልተወችም። በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለው ሐኪም ሽንቱን መርምሮ፣ የልጆቹ ሰውነት በምግብ ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የተባለ ነገር ለመለወጥ አለመቻሉን በ1934 ገለጠ። በ1953 ሆርስት ቢክልና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ያ ነገር የተቀነሰበት ምግብ አንዲትን ልጅ እንደ ረዳት አሳተሙ። በ1963 አሜሪካዊው ሮበርት ገትሪ ከአራስ ተረከዝ ተወግቶ በወረቀት ላይ በሚነካ ጥቂት ደም በሽታውን የሚያስታውቅ መመርመሪያ አወጣ። ለዚያች እናት ልጆች ጊዜው አልፎ ነበር፤ በእርስዋ ጥያቄ ግን በብዙ አገር የተወለዱ ሕፃናት አእምሮአቸው ዳነ።

መድኃኒቱ ሁሉ ርካሽ ነው አልልም። የሕፃናትን ጡንቻ ለሚያሰንፈው አንድ የነርቭ በሽታ በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው የዘረመል ሕክምና ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዳሩ ግን ውዱ መኖሩ ርካሹን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሳይሠራለት የሚወለድ ሕፃን አለ፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ በዘር የወረሱት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ በየቀኑ የምትሰጥ አንዲት ኪኒን አእምሮውን ታድንለታለች፤ ከዘገየ ግን የተጎዳው አይመለስም። የአገራችን ሐኪሞች በአዲስ አበባ አራሶችን መርምረው ውጤቱን በ2000 አሳትመው ነበር። ነገር ግን ይህ ምርመራ እስከ ዛሬ በአገሪቱ ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የሚደርስ ሥራ አልሆነም። ይህን ያመጣው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ማነሱም ነው። እርግማን ነው ብሎ ያመነ ሰው ምርመራ ይሰጠኝ ብሎ አቤት አይልምና።

ስለ ሃይማኖት ለሚቆረቆሩም አንድ ቃል አለኝ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የማን ነው ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነግሮአቸዋል። ታዲያ እርሱ ያልከሰሳቸውን ወላጆች እኛ በምን ሥልጣን እንከሳለን? ጠበል መጠመቅንም አልቃወምም፤ የሚጥለው ልጅ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ይዋጥ።

«ደማችንን ለባዕድ አንሰጥም» የሚሉት ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ደም ሲወሰድ ለምን እንደ ሆነ ሊነገር፣ ፈቃድ ሊጠየቅ፣ ምሥጢርም ሊጠበቅ ይገባል። የአንድ ቤት በሽታ በየገበያው ከተወራ ዕውቀቱ አዲስ ማግለያ ይሆናል። ነገር ግን ፈጽሞ መራቅ የሚጎዳው ራሳችንን ነው። በ2016 በታተመ አንድ ቆጠራ፣ በሽታን ከዘረመል ጋር በሚያስተያዩ ጥናቶች ውስጥ ከገቡት ሰዎች ከ100 81 ያህሉ የአውሮጳ ተወላጆች ነበሩ፤ የአፍሪካ ተወላጆች ግን 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የገሳይ ሕፃን ዘረመል ቢመረመር፣ ሐኪሙ ያገኘው ለውጥ በሽታ ይሁን የአገሩ ሰው ሁሉ ያለው ልዩነት ይሁን ለመለየት ይቸገራል፤ የሚያስተያይበት የለውምና።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ማንበብ የተማርሽውና የተማርከው ለዚህ ነው። በቡና ላይ «ማኅፀንዋ ነው» ሲባል ስትሰሙ ዝም አትበሉ፤ የአተሩን ነገር አስረዱ። የሚያንዘፈዝፈው ሕፃን በጓዳ እንዳይደበቅ ምከሩ፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ በእናትም በአባትም ወገን እንደዚህ ሆኖ የሞተ ሕፃን እንዳለ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፤ ከምርመራው የሚበዛው በዚህ ይጀመራል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጤና የምትማሩም የአራስ ተረከዝ ምርመራ በወረዳችሁ እንዲጀመር ጠይቁ፤ እምቢ ቢሏችሁም ደግማችሁ ጠይቁ። ባል የምትሆን ወጣት ሆይ፣ እንዲህ ያለ መከራ በቤትህ ቢደርስ ዘመዶችህ ፍታት ባሉህ ቀን፣ ግማሹ የአንተ መሆኑን አስበህ ከሚስትህ አጠገብ ቁም።