ዶግማ ባይኖራትም ቀኖና ይኑራት

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን፣ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ዳስ የሚሰበሰቡትን ሰዎች አጥብቆ ነቅፎ ጽፏል። የነቀፋው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጸሎተ ሃይማኖት የማይደግም፣ የሚያምነውን በአንቀጽ ቆጥሮ የማይናገር ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን አይባልም፤ ቤተ ክርስቲያን ካልተባለ ደግሞ የጸሎት ሰዓት ሊሰጠው አይገባም፤ ስለዚህ ዳሱ ይከልከል። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ከተዛወረ ወዲህ ነገሩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ዘንድ ደርሷል። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄውን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ነው። እኔ ዳሱ እንዳይከለከል እከራከራለሁ። ይሁን እንጂ ለተሰብሳቢዎቹም የምለው አለኝ፤ ለጆሯቸው የሚጥም ግን አይመስለኝም።

በቅድሚያ ሁላችንም የምናውቀውን እናስታውስ። በዚያ ዳስ ውስጥ በተዋሕዶ ያደገው፣ ከጴንጤ ቤት የወጣው፣ በእስልምና የተወለደው፣ ሃይማኖትን ከነጭራሹ ትቻለሁ የሚለውም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሻማ ይበራል፤ አንዱ ጥቂት ያነባል፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል፤ ከዚያም የሳምንቱን ሐዘንና ደስታ ይነጋገራሉ። ስለ ሥላሴ ምን ታምናለህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ወንድማችን ይህን በዓለም ታይቶ የማይታወቅ ቅልቅል ይለዋል። ነገር ግን ታይቶ ይታወቃል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ዓመት የተነሡት «ወዳጆች»፣ በተለምዶ ኩዌከሮች የሚባሉት፣ የሚደገም የእምነት አንቀጽ አላወጡም። በጥንቱ ሥርዓታቸው ካህን የለም፤ ተሰብስበው ዝም ይላሉ፤ ልቡ የተነካ ሰው ይነሣና ይናገራል። እንግዲህ ዛፍ በፍሬው ይታወቃል ከተባለ፣ ምን አፈሩ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትናንት ጠላት ይባሉ የነበሩትን የጀርመን ልጆች መገቡ። በ1947 የእንግሊዝና የአሜሪካ የርዳታ ማኅበሮቻቸው የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈሉ። በ1902 በምዕራብ ኬንያ ካይሞሲ ላይ ሚሲዮን ተክለው ዛሬ ኬንያ እጅግ ብዙ ኩዌከሮች ካሉባቸው አገሮች አንዷ ሆናለች፤ እርግጥ ነው፣ የኬንያዎቹ አብዛኞቹ እንደ ሌሎች ፕሮቴስታንቶች ፓስተርና ስብከት አላቸው።

እኛን ስደተኞችን ይበልጥ የሚነካን ግን የዩኒታሪያኖች ነገር ነው። እነዚህ በመጀመሪያ ሥላሴን ባለመቀበል የታወቁ ነበሩ፤ እያደር ግን ከአባል የእምነት ቃል መጠየቅን ተዉ። በ1961 አሜሪካ ውስጥ ከዩኒቨርሳሊስቶች ጋር ተዋሕደው አንድ ማኅበር ሆኑ። በዚያ ማኅበር ውስጥ በእግዚአብሔር የሚያምንም የማያምንም አባል ይሆናል። በ1940 ከሂትለር የሚሸሹትን ለመርዳት የአገልግሎት ኮሚቴ አቋቁመው ሊዝቦን ላይ ቢሮ ከፍተው ነበር። ያን ጊዜ ሊዝቦን መርከብና ቪዛ በሚጠብቁ ስደተኞች የተጨናነቀች ከተማ ነበረች። ኮሚቴው አዲስና ስሙ ያልታወቀ በመሆኑ በወረቀቶቹ ላይ የሚያርፍና ክብደት የሚሰጥ ምልክት አስፈለገው። በ1941 ምልክቱን የሣለው ሐንስ ዶይች የተባለ ኦስትሪያዊ ነው፤ እርሱም በሂትለር ላይ የስላቅ ሥዕል በመሣሉ ከፓሪስ ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ነበር። የሣለው በጽዋ ላይ የሚነድ እሳት ነው። ዛሬ በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት እሑድ እሑድ የሚለኮሰው ጽዋ ከዚያ የመጣ ነው።

ማኅተም የሌለው ወረቀት ሰውን በኬላ ላይ ምን ያህል እንደሚያዋርደው በዚህ መጠለያ ለማንም አይነገርም። እንግዲህ አስተውሉ፤ የዚያ ማኅበር ምልክት ከሊቃውንት ጉባኤ አልወጣም፤ የተሳለው በስደተኛ እጅ፣ ለስደተኛ ወረቀት ነው። ዶግማ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ለምን ትጠቅማለች ለሚል ሰው አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ወንድማችን የሃይማኖት ዓላማ ትክክለኛውን እምነት መጠበቅ ነው ይላል። ትክክለኛውን እምነት በመጠበቅ ስም በአገራችን የሆነውን ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈበትም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት በሚል ወንድም ወንድሙን ወጋ፤ በ1632 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ ደሙ አልቆመም። በ1878 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ባስጠሩት ጉባኤ የ«ሦስት ልደት» ወገኖች ተረቱ፤ አንቀበልም ካሉት ምላሳቸው የተቆረጠ ነበሩ። የወሎ እስላምም ተጠመቅ ተብሎ ተገደደ። እግዚአብሔር የለም ያሉትስ ተሻሉ? በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ወጣቱ በየመንገዱ የወደቀው፣ ሁሉም ከአንድ መጽሐፍ እየጠቀሰ በአብዮቱ አንቀጽ ሳይስማማ ቀርቶ ነው። ዶግማ መስቀል ቢይዝም መዶሻ ቢይዝም፣ የሰው ልጅ ዋጋ ከአንቀጹ በታች ከሆነ መጨረሻው አንድ ነው።

ይህን ስል ዶግማ ያላቸውን አብያተ ክርስቲያናት የማናንቅ መሆናችን ይታወቅ። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ድንበር በሚሻገርበት ሌሊት የሚለው አያጣም። ከእኛ ብዙዎቹ ጾማቸውንና ሶላታቸውን ይዘው ባይመጡ ኖሮ ልባቸው እዚህ ሳይደርስ መንገድ ላይ በቀረ ነበር። የአባቶችን እምነት የሚጠብቅ ይጠብቅ። የምከራከረው ያንን አጥቶ ወይም ትቶ ለመጣ ሰው፣ ከሌላው ሰው ጋር ተቀምጦ የሚያዝንበትና የሚያስብበት ቦታ ይከልከል ከሚለው ጋር ነው። እምነቱ የጠፋበት ሰው ወገን አያስፈልገውም ያለን ማን ነው?

አሁን ወደ ተሰብሳቢዎቹ ልመለስ። እናንተ ወገኖች «እኛ ነፃ ነን፤ እዚህ ማንም ምንም አይገደድም» እያላችሁ ትኮራላችሁ። እኔ ግን የምፈራላችሁ በዚሁ ነው። ከፊታችሁ ሁለት ገደል አለ።

የመጀመሪያው፣ አንቀጽ በሌለበት የመሪው አፍ አንቀጽ እንዳይሆን ነው። ጂም ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ጉባኤውን ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚኖሩበት ዘመን በአንድ አዳራሽ ያስቀምጥ ነበር፤ ድሆችንም ያበላ ነበር። የተጠጋበት ማኅበር በአንቀጽ የተቆጠረ የእምነት መግለጫ በአባላቱ ላይ የማይጭን ነበር። እያደር መጽሐፍ ቅዱሱንም ናቀ፤ የቀረው የእርሱ ቃል ብቻ ሆነ። በኅዳር 1978 ጉያና ጫካ ውስጥ ከ900 በላይ ተከታዮቹ አለቁ፤ ከሟቾቹ ሲሶ ያህሉ ልጆች ነበሩ። ይህ ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ በ2023 በኬንያ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ በሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ መውጣቱን ያስታውስ፤ በዚያ ያሉት ተርባችሁ ጌታን ተገናኙ የተባሉ ናቸው። የሻካሆላዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው ነበር፤ የጉያናዎቹ መጽሐፉን ጥለው ነበር። ሁለቱንም ያጠፋቸው መሪውን የሚጠይቅና የሚያወርድ ሥርዓት ማጣት ነው።

ሁለተኛው ገደል ያን ያህል አያስፈራም፤ ግን ብዙዎችን የሚውጠው እርሱ ነው። በጥር 2013 ለንደን ውስጥ ሁለት ኮሜዲያን እግዚአብሔር የማይጠራበት የእሑድ ጉባኤ ጀመሩ፤ ይዘፈናል፣ ንግግር ይሰማል፣ ሻይ ይጠጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ከተሞች ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቅርንጫፎቹ ብዙዎቹ ተዘጉ። እንደ እኔ አስተያየት ሰው ደስ ሲለው የሚመጣበት፣ ሲሰለቸው የሚቀርበት ቦታ፣ ቀሪው ሰው በቀረበት ጊዜ የሚጎዳ ካልኖረ ዕድሜ የለውም። እናንተስ? ባለፈው ወር ከመካከላችሁ አንዱ በወባ ተኝቶ ሳለ ውሃ ያመጣለት የነበረው የጎረቤቱ ልጅ እንጂ ከጉባኤው የመጣ አልነበረም። እሑድ ግን ስለ ፍቅር ተነጋግራችኋል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዶግማና ቀኖና ይለያሉ። ዶግማ የሚታመነው ነው፤ አይለወጥም። ቀኖና የሚሠራበት ሥርዓት ነው፤ እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ይሻሻላል። ለእናንተ የምላችሁ ይህ ነው፦ ዶግማ ባይኖራችሁ አልከሳችሁም፤ ቀኖና ከሌላችሁ ግን ወንድማችን የሚላችሁ ሁሉ እውነት ይሆናል። የእምነት ቃል የማትጠይቅ ቤተ ክርስቲያን የሥራ ቃል ኪዳን መጠየቅ አለባት። ሃይማኖቷም ያ ቃል ኪዳን ነው፤ ሌላ የላትም።

ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፤ እድር አለን። እድር ሟቹን ስለ ባሕርይና ስለ ልደት አይመረምረውም። በብዙ የከተማ ሠፈር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ እድር ይቀባበራሉ፤ ቄሱም ሼኹም የየራሱን ጸሎት ያደርጋል፤ ድንኳኑና ድስቱ ግን የሁሉም ነው። ሆኖም እድር እንደ ልብህ አይልም። መዋጮ አለው፤ ከቀብር ለቀረ ቅጣት አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ዳኛው ካጠፋ ይወርዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ሲይዝ ነው።

ስለዚህ ለተሰብሳቢዎቹ አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የታመመ አባል ሦስት ቀን ሳይጠየቅ እንዳያድር ተራ ይውጣ፤ ተራውም ተጽፎ በዳሱ ግድግዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በዚህ መጠለያ ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት፣ አባል ሆነም አልሆነም፣ መቃብሩን መቆፈርና ሐዘኑን መቀመጥ የጉባኤው ግዴታ ይሁን። ሦስተኛ፣ አስተባባሪው በየስድስት ወሩ በምርጫ ይለወጥ፤ የተዋጣው ገንዘብ፣ ሃምሳ ሳንቲም እንኳ ብትሆን፣ በሁሉ ፊት ትቆጠር። አራተኛ፣ መውጣት የፈለገ ሳይረገምና ሳይታማ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ ቢታመም ይጠየቅ። ይህን የማይቀበል ጉባኤ ሻይ ቤት ነው፤ ሻይ ቤት ደግሞ በመጠለያችን ሞልቷል።

ለኮሚቴው ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ዳሱ አይከልከል። የእምነት አንቀጽ ስለሌለው አንዱን ጉባኤ ያስወጣ ኮሚቴ፣ ነገ አንቀጹ አልጣመኝም ብሎ ሌላውን ያስወጣል፤ ከዚያ እስላሙ ዓርብ፣ ተዋሕዶው እሑድ ጠዋት የየትኛውን ኮሚቴ ፈቃድ ይለምናል? ቁጥጥር ከተፈለገ ለሁሉም እኩል ይሁን፦ ገንዘብ የሚሰበስብ ጉባኤ ሁሉ ሒሳቡን ያሳይ፤ ሕፃናትን የሚያስጾም ወይም ታማሚን ከክሊኒክ የሚያስቀር ጉባኤ ሁሉ ይጠየቅ።

ለወንድማችንም አንድ ጥያቄ ልተውለት። ከጉድጓዱ ማዶ ባለው መደዳ፣ ስሙ በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያልሰፈረ፣ የትኛው መስጊድም የማያውቀው ሽማግሌ አለ። ዛሬ ሌሊት ቢያርፍ ገላውን የሚያጥበው ማን ነው? «የእኔ ጉባኤ ነው» ካለ በደስታ እቀበለዋለሁ። «ማንም» ካለ ግን፣ እናድርገው ያሉትን ሰዎች ዳሱን አይንጠቃቸው። መልሱን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ።