ቢጫዋ መብራት የማትናገረው

ከሁምቦ ወደ ሶዶ ሽቅብ ሲወጣ መኪናው መንቀጥቀጥና ጉልበት ማጣት ከጀመረ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምስል ያላት ቢጫ መብራት ከበራች፣ ከሲሊንደሮቹ አንዱ ቤንዚኑን በወጉ እያቃጠለ አይደለም ብሎ መጠርጠር ነው። መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው አልፎ ማጣሪያውን እያጋለ ያበላሸዋል። ልጆች ከኋላ ጭኖ “ቤት እስክንደርስ” አይባልም። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ዳር መያዝ ነው።

ኮምፒውተሩ ችግሩን የሚያውቀው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲያቃጥል የሞተሩን ዋና ዘንግ ይገፋል። አንዱ ተራው ደርሶ ሳይገፋ ሲቀር ዘንጉ ለቅጽበት ዘገም ይላል። ይህን ሴንሰሩ ይይዛል፣ ኮምፒውተሩም ቁጥር ይመዘግባል። ፒ 0301 አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ 0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ 0300 ከሆነ ግን ችግሩ እዚህም እዚያም ነው ማለት ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ መኪናቸውን አንድ ጋራዥ ወስደው በማሽን ሲመረመር 0302 ወጣ። ወዲያው “አራቱም ኮይል ይቀየር” ተባሉ። የተጠየቁት ብር ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ያስቀመጡት ነበር። ከፋዩ ደግሞ ሊከፍል ኪሱ ገብቷል። የአውቶ መካኒክ ተማሪ የሆነው ያው የልጅ ልጅ ግን፣ “አባባ፣ ቁጥሩ ሲሊንደሩን ነው እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አልነገረንም” አላቸው።

ያደረገው ቀላል ነገር ነው። የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያየረ፤ ቁጥሩን አጠፋና ያንኑ ዳገት ነዳው። ጥፋቱ የኮይሉ ቢሆን ኖሮ 0303 በመጣ ነበር። አሁንም 0302 መጣ። ካንዴላውን ሲፈታ ነጩ ሸክላ ተሰንጥቋል። አራት ካንዴላ ተገዛ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። ካንዴላም ተቀይሮ ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ላይ ቢቀጥል፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩ ይታያል፣ ኮምፕሬሽኑም ይለካል።

እኔን የሚያናድደኝ ባለጋራዡ ሳይጽፍ ቁጥሩን የማጥፋቱ ልማድ ነው። ኮምፒውተሩ ከቁጥሩ ጋር ችግሩ ሲከሰት የነበረውን የሞተር ፍጥነት፣ ሙቀትና ጫና ያስቀምጣል። ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም ኮይል ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲነሳ ጤነኛ ይመስላልና ይህ መረጃ ወርቅ ነው። ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከማጥፋቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ማሽን የማይሰካባቸው አሮጌ መኪኖች ላይ የድሮ መካኒኮች ብልሃት ዛሬም ይሠራል፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ የካንዴላ ገመዶቹን በጥንቃቄ አንድ በአንድ መንቀል። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠው እሱ ነው ሰነፉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ እነዚህ ሽማግሌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል።

0300 ከመጣና ከአንድ በላይ ሲሊንደር ከተጠረጠረ ደግሞ ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት ታንከሩን አስቡ። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሁሉንም ሲሊንደር ያስቸግራል። ሰልፉ ሰልችቷችሁ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ቀድታችሁ ከሆነ፣ ለመካኒኩ አትደብቁት።