የቢሯችሁ የኋላ በር ቁልፍ ማን ጋር ነው?

በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው በነበልባል ሳይሆን በጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል።

ስለዚህ እንደ ሐኪም የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል ቢሉኝ አይበቃኝም፤ በሩስ? ሌባ ተፈርቶ የተቆለፈ፣ ካርቶን የተደረደረበት የአደጋ ጊዜ መውጫ ለኔ ግድግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ቃጠሎ 146 ሰዎች ሞተዋል፤ አንዱ ምክንያት የተቆለፈ በር ነበር።

ዛሬውኑ በሩን ገፋ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካልተከፈተ ለአለቃችሁ ንገሩ፤ ዝም አትበሉ። እሳት ከተነሳ ሊፍት አትጠቀሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ውጡ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ።

ዕቃ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም። ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ሼር አድርጉ!