«ችግር የለመደ ነው»

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ካሉት ከዲመካ፣ ከቱርሚ ወይም ከኦሞራቴ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ልጅ ሲወራ «እሱ እኮ ችግር የለመደ ነው፤ ይወጣዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲሰሙት ሙገሳ ይመስላል። በቆላ ከብት እያገደ ያደገ፣ ድርቅ ያየ ልጅ የግቢ ኑሮ አይከብደውም ለማለት ነው። ነገር ግን ሙገሳው ኃላፊነትን ከሌላው ሰው ትከሻ ያወርዳል። ልጁ ከጸና ተፈጥሮው ነው ይባላል፤ ካልጸና ደግሞ «ድሮም ትምህርት አይሆነውም ነበር» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። በሁለቱም መንገድ ዩኒቨርሲቲውን የሚጠይቀው የለም። እኔ የምከራከረው የተማሪ ጽናት በአብዛኛው በዙሪያው ባሉ ሰዎችና አሠራሮች የሚገነባ ነው ብዬ ነው። ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስንቅ ብቻውን ሴሚስተር አያሻግርም።

ስለ ጽናት ከተሠሩት ጥናቶች ብዙ የሚጠቀሰው በሐዋይ፣ በካዋይ ደሴት የተካሄደው ነው። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በድህነትና በቤተሰብ ቀውስ መካከል ካደጉት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ራሳቸውን የቻሉ ደህና ጎልማሶች ሆኑ። ከሌሎቹ ከለዩአቸው ነገሮች አንዱና ዋነኛው ቢያንስ አንድ ከልቡ የሚያስብላቸው ሰው ማግኘታቸው ነበር፤ ወላጅ ካልሆነ አያት፣ አያት ካልሆነች መምህር። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 40.9 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው ይገልጻል። ከጭንቀቱ ጋር ተያይዘው ከወጡት ነገሮች መካከል የቅርብ ጓደኛ ማጣት፣ የገንዘብ ችግር፣ ለሚማሩት የትምህርት ክፍል ፍላጎት ማጣትና ከጠበቁት ያነሰ ውጤት ማምጣት ይገኙበታል። ከእነዚህ ውስጥ «በርታ» በሚል ምክር የሚቃለለው የቱ ነው? አዳራሽ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ ለግማሽ ቀን የሚሰጥ የጭንቀት አያያዝ ሥልጠናም ቢሆን ጓደኛ አያመጣም፤ የሚያመጣው ሪፖርት ነው።

ደግሞስ የአርብቶ አደሩ ጽናት መቼ የብቻ ሆኖ ያውቃል? ሐመር ውስጥ ከብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ አንድ በረት አያከማችም። ከፊሉን ሌላ አካባቢ ባለ ወዳጁ ዘንድ ያኖራል፤ የወዳጁንም እሱ ይጠብቃል። በአንድ ወገን ዝናብ ቢጠፋ ወይም በሽታ ቢገባ በሌላው ወገን የተረፈው ቤተሰቡን ይዞ ይቆያል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተደጋግሞ ዝናብ ሲጠፋ ደቡብ ኦሞን ክፉኛ የጎዳውም ለዚህ ነው፤ ድርቁ ሰፍቶ የባለከብቱንም የወዳጁንም ደጅ አንድ ላይ መታ። እንግዲህ እንዲህ ባለ መረዳዳት መካከል ያደገውን ልጅ ነው ከመረቡ ነጥለን አንድ ዶርም ውስጥ አስገብተን «ችግር ለምደሃልና ቻለው» የምንለው። ችግር የቻለው እኮ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ወዳጁ አንድ ላይ ሆነው ነው።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረጋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መርሐ ግብር ተጀመረ። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ መከፈትም ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የዲመካው ልጅ ሩቅ ሊደርሰው ቢችልም። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉም፣ ኑሮው ቢቀድመውም፣ ቀላል አይደለም። ሆኖም ድጋፉ የተከማቸው በር ላይ ነው። መውጫው ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ይጠብቃል፤ በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ ነበሩ። በሁለቱ በሮች መካከል ያሉትን ዓመታት ተማሪው ከማን ጋር ያልፋቸዋል? ቤቱ ሐመርኛ፣ ካፌና ሬጅስትራር አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን ይመላለስባቸዋል።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ውጤት ይለጠፋል፤ ልጁ ከ30 ሰባት አግኝቷል። የዚያው ሰሞን ከቤት ስልክ ይደወላል። የኪስ ገንዘቡ የሚመጣው ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ከሚሸጥ ፍየል ነው፤ አሁን ግን የሚሸጥ የለም። ማንንም ሳይሰናበት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የዊዝድሮዋል (ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ) ቅጽ ሞልቶ፣ አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መቀጠል ይችል ነበር። ሳይሞላ በመሄዱ መመለሻው ይከብዳል፤ ተማሪው በመዝገብ ላይ «ያቋረጠ» ይባላል፤ ማቋረጡም እንደ ስንፍና ወይም እንደ ድካም ይቆጠርበታል።

«ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም፤ ያባበልነው ተማሪ በመውጫ ፈተና ይወድቃል» የሚለው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። ፈተናው እንደ ፈተና ይቆይ፤ ነጥብ ይጨመርለት ያለ የለም። የሚጠየቀው ሰባት ያገኘ ተማሪ በዚያው ሳምንት ተጠርቶ ምን እንደሆነ እንዲጠየቅ ነው። ይህ ዓይነቱ ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋል። አሜሪካ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ጥቁር ተማሪዎች «ባይተዋርነቱ የሁሉም አዲስ ተማሪ ነው፤ ከጊዜ ጋር ያልፋል» የሚል መልእክት ያለው አንድ ሰዓት ገደማ የፈጀ ሥራ አሠሯቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከነጮቹ ጋር የነበራቸው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ። የአሜሪካው ግኝት እንዳለ ጂንካ ላይ ይሠራል አልልም፤ ፍየል ያጣን ቤተሰብ በመልእክት መተካት አይቻልም። «ምንም ሳይደረግላቸው የተመረቁ አሉ» ለሚሉትም፣ የተመረቁትን ማን እንዳገዛቸው ብንጠይቅ ከብዙዎቹ ኋላ አንድ ቀድሞ የገባ የአገር ልጅ ወይም አንድ መምህር አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ያ ሰው ያልገጠማቸው ደግሞ ምረቃው ላይ ስለሌሉ አይቆጠሩም።

በጀት የለም የሚለው መልስ እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም። አማካሪ መምህር መመደብ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሠራር ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ግን አድቫይዘሩን የሚያገኘው ለፊርማ ሲፈልገው ብቻ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን በስም እንዲያውቅ፣ ከሚድ በኋላ እንዲጠራቸው፣ ይህም እንደ ማስተማር ሥራ እንዲቆጠርለት ማድረግ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። ሐመርኛ፣ ዳሰነችኛ ወይም ኛንጋቶምኛ የሚናገር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከአዲሶቹ ጋር ማጣመርም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከየወረዳው ስንት ተማሪ እንደተቀበሉ በየዓመቱ ሲናገሩ፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሁለተኛ ዓመት እንደደረሰ፣ ስንቱ ዊዝድሮዋል ሞልቶ እንደወጣና ስንቱ ዝም ብሎ እንደጠፋ አብሮ ቢወጣ፣ የዲመካ ወላጅ ልጁን ከመላኩ በፊት የሚጠይቀውን ያውቃል።